ቡና ጉልበት ይሰጣል ወይስ ፍሬን ይለቃል? ስለ ነርቭ ጫፎች እንወያይ

መምህር_ደሴ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። 12ኛ ክፍል ስለ ነርቭ ሥርዓት ሳስተምር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ስኳር የሌለው ቡና ካሎሪ ከሌለው የሚያነቃው ጉልበት ከየት ይመጣል?" አለችኝ። ጥያቄዋ በጣም ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ በአጭሩ መለስኩላት፤ እዚህ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። እናንተም ጨምሩበት።

ቡና ጉልበት አይሰጥም። አንጎል ራሱ የያዘውን ፍሬን ነው የሚለቀው። ፍሬኑ የሚያዘው ደግሞ በአብዛኛው የነርቭ ህዋስ ጫፍ ላይ ነው።

አንድ የነርቭ ህዋስ ለሌላው መልእክት ሲያስተላልፍ የኤሌክትሪክ ምቱ በረጅሙ ክር ተጉዞ ጫፉ ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ኒውሮትራንስሚተር የምንለው ማለት ነው፤ ግሉታሜት፣ ጋባ፣ ዶፓሚን፣ አሴቲልኮሊንና ሌሎችም። እነዚህ ጫፉ ውስጥ ቬሲክል በሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች ታሽገው ይጠብቃሉ። የአንዱ ቬሲክል ስፋት 40 ናኖሜትር ገደማ ነው። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል አንድ ተራ ጫፍ 200 ያህል ቬሲክል ይይዛል። ሽፋኑ ላይ ተጠግተው ለመለቀቅ የተሰናዱት ግን 10 ገደማ ቢሆኑ ነው።

ትእዛዙን የሚሰጠው ካልሲየም ነው። ከህዋሱ ውጭ ያለው ካልሲየም ውስጥ ካለው በ10,000 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ምቱ ሲደርስ የካልሲየም ቻናሎች (ካልሲየም የሚገባባቸው በሮች) ይከፈታሉ፤ ካልሲየሙ ተንደርድሮ ይገባል፤ ቬሲክሉ ከሽፋኑ ጋር ተዋህዶ የያዘውን ያፈሳል። ካልሲየሙ ከገባ በኋላ ይህ ሁሉ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ምት ደረሰ ማለት ኬሚካል ተለቀቀ ማለት አይደለም! ብዙ የአንጎል ጫፎች 10 ምት ቢደርሳቸው አንዴ፣ ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይለቃሉ፤ በቀሩት ዝም ይላሉ። መጀመሪያ ስታዩት ብክነት ይመስላል። ግን ሁልጊዜ የሚለቅ ጫፍ ቢሆን ኖሮ መጨመር የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። ዕድሉ መካከል ላይ ስለሆነ ከፍም ዝቅም ማድረግ ይቻላል። መማር፣ መርሳት፣ መንቃት፣ መደንዘዝ፣ ብዙው ነገር እዚህች ላይ ይነካካል።

አሁን ሒሳብ። እ.ኤ.አ. በ1967 (ከዚህ በኋላ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዶጅ እና ራሃሚሞፍ የሚባሉ ተመራማሪዎች በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ ካልሲየሙን ዝቅ አድርገው ሲለኩ፣ የሚለቀቀው መጠን ከካልሲየሙ ጋር በአራተኛ ኃይል እንደሚሄድ አገኙ። ካልሲየሙን በግማሽ ብትቀንሱ ልቀቱ በግማሽ አይደለም የሚቀንሰው፤ ወደ 1/16 ይወርዳል። በ30 በመቶ ብቻ ብትቀንሱትስ? 0.7ን አራት ጊዜ በራሱ አባዙት፤ 0.24 ይመጣል። ከልቀቱ ሦስት አራተኛው ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ አንጎል ጫፉን መዝጋት አያስፈልገውም። የካልሲየም ቻናሎቹን ትንሽ ነካ ማድረግ ይበቃዋል።

ያንን ከሚያደርጉት አንዱ አዴኖሲን ነው። ህዋሶች ነዳጃቸውን፣ ኤቲፒን፣ እያቃጠሉ ሲውሉ አዴኖሲን ይጠራቀማል። በ1997 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ድመቶችን ከእንቅልፍ ከልክለው ሲለኩ፣ ከፊተኛው አንጎል ሥር ባለ አንድ አካባቢ ንቃቱ በረዘመ ቁጥር አዴኖሲኑ ሲጨምር አዩ። አዴኖሲን ጫፉ ላይ ኤ1 ከሚባለው ተቀባይ (ኬሚካሉን ከሚይዝ ፕሮቲን) ጋር ሲያያዝ የካልሲየም ቻናሎቹ በደንብ እንዳይከፈቱ ያደርጋል። ልቀቱ ይወርዳል። ይኸው ነው ፍሬኑ። ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ፣ ካፌይን፣ ደግሞ ሄዶ የአዴኖሲንን ቦታ ይይዛል፤ ፍሬኑን ግን አይጫንም።

---

ማስረጃ_አምጡ፦

መምህር፣ አጻጻፍዎ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። 40 ናኖሜትር የሆነ ከረጢት፣ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ሲያፈስ ማን አየ? ወይስ እንዲህ መሆን አለበት ተብሎ የተገመተ ነው?

---

ላብ_ጀርመን፦

@ማስረጃ_አምጡ መጀመሪያ ተቆጠረ፣ ኋላ ታየ። ሁለቱንም ልንገርህ።

የቆጠረው በርናርድ ካትዝ ነው። ላይፕዚግ የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1935 ከናዚ ጀርመን ሸሽቶ ለንደን ገባ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከፖል ፋት ጋር የእንቁራሪት ጡንቻ ውስጥ ቀጭን መርፌ አስገብተው ኤሌክትሪኩን ሲለኩ፣ ነርቩን ምንም ሳይነኩት በየመሀሉ ብቅ የሚሉ ጥቃቅን ዝላዮች አዩ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ሚሊቮልት አካባቢ ናቸው። ቀጥሎ ከዴል ካስቲዮ ጋር በመሆን ካልሲየሙን ቀንሶ ማግኒዥየም ጨመረና ነርቩን ቀሰቀሰው። መልሱ አንዳንዴ ዜሮ፣ አንዳንዴ የአንድ ዝላይ ያህል፣ አንዳንዴ የሁለት፣ አንዳንዴ የሦስት ሆነ። አንድ ተኩል የሚባል የለም። ኬሚካሉ የሚወጣው እኩል እኩል ሆኖ በታሸገ መልክ እንደሆነ ከዚያ ታወቀ። ካትዝ በ1970 ኖቤል ተሸለመ።

ያየው ደግሞ ጆን ሂውዘር ነው፣ ከቶማስ ሪስ ጋር። ይህን ሙከራ ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። የመዳብ ብሎክ በፈሳሽ ሂሊየም ያቀዘቅዛሉ፤ ከፍጹም ዜሮ 4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ይላል። የእንቁራሪቱን ጡንቻ ከነርቩ ጋር ማሽን ላይ አስረው ብሎኩ ላይ ይለቁታል። እየወደቀ ሳለ፣ ብሎኩን ሊነካ ጥቂት ሺህኛ ሴኮንዶች ሲቀሩት ነርቩን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሱታል። ብረቱን በነካ ቅጽበት ሁሉም ነገር ባለበት ይቀራል። ከዚያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ ቬሲክሎቹ አፋቸውን ወደ ውጭ ከፍተው በመሀል መንገድ ላይ ተይዘዋል። የ1979ኙን ጽሑፍ ፎቶዎች ፈልገህ እያቸው፤ ጥርጣሬህ ይጠፋል።

---

ማስረጃ_አምጡ፦

አየሁት። አመሰግናለሁ ወንድሜ። አሁን ልቀጥል እችላለሁ።

---

ጠይም_ጀበና፦

መምህር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምጠይቀው የጓዳ ጥያቄ ነው። ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ስቆይ ምግቡ ሳይሆን ቡናው ነው የሚገድለኝ። ራሴን ከሁለት ይከፍለዋል፤ ሰው ሲያናግረኝ ያስጠላኛል። ስኒዋን እንደቀመስኩ ወዲያው ይለቀኛል። ፍሬን ነው ካላችሁ ታዲያ ፍሬን መያዝ ለምን ያማል?

---

ፋርማሲ_ጅማ፦

@ጠይም_ጀበና እህቴ፣ ይህ የጓዳ ብቻ አይደለም፤ በደንብ የተጠና ነገር ነው።

በየቀኑ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልሽ ስትጠጪ አንጎልሽ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተቀባዮቹ በካፌይን ተይዘው ሲቆዩ የአዴኖሲን ተቀባዮችን ቁጥር ይጨምራል፤ በእንስሳት ላይ በግልጽ ታይቷል። ስለዚህ ቡናው የቀረ ቀን ያው አዴኖሲን ብዙ ቦታ ያገኛል። ፍሬኑ ከወትሮው ጠንክሮ ይይዛል። መደንዘዙ፣ መነጫነጩ፣ ሐራራ የምንለው ስሜት ከዚያ ነው።

ሕመሙ ግን ከነርቭ ጫፍ ብቻ አይመጣም። አዴኖሲን የአንጎልን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ካፌይን ያጠባል። ካፌይኑ በድንገት ሲቀር የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፤ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ ራስሽን ይወጥረዋል። አንድ ስኒ ወዲያው የሚያሽልሽም ለዚህ ነው።

ቁጥሩን ልስጥሽ። ሕመሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከ20 እስከ 51 ሰዓት ባለው መሀል ይብሳል። ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። በቀን 100 ሚሊግራም ካፌይን ብቻ የሚወስድ ሰው እንኳ ሊይዘው ይችላል። አስቢው፤ ማታ 2 ሰዓት ላይ ጠጥተሽ በማግስቱ እስከ 9 ሰዓት ከጾምሽ 19 ሰዓት ሆነሽ።

መፍትሔው ከጾሙ በፊት አንድ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ መቀነስ ነው። መጀመሪያ ሦስተኛውን ስኒ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። የጠዋቷን ደግሞ ቀስ በቀስ አቅጥኚያት። ረመዳን ለሚጾሙ ደንበኞቼም ይህንኑ ነው የምነግራቸው። ካፌይን ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ነው፤ ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሩቡ ውስጥሽ አለ። ማታ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ ከዚህ ጀምሪ።

---

አዋላጅ_ጎንደር፦

ላብ_ጀርመን ማግኒዥየም ብሎ ሲጽፍ ልቤ ዘለለ። እኛ ማዋለጃ ክፍል በየቀኑ የምንሠራው እኮ እሱኑ ነው!

ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና የሚመጣ የደም ግፊት) የከበደባት ወይም ኤክላምፕሲያ (ከዚያው የሚመጣ መጣል) የጣላት እናት ስትመጣ ማግኒዥየም ሰልፌት እንሰጣለን። ቀጣዩን መድኃኒት ከመስጠታችን በፊት ሦስት ነገር እናያለን። ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 በታች እንዳይሆን፤ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ፤ ሦስተኛው ደግሞ ጉልበት ነው። እግሯን ዘና አድርገን ከጉልበቷ ሎሚ በታች በመዶሻ መታ እናደርጋለን። እግሯ ዘለል ካለ ደህና። ካልዘለለ መድኃኒቱ ይቆማል። ትንፋሿ ከደከመ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም ቀስ ብለን በደም ሥር እንሰጣለን። አምፑሉ ሁልጊዜ ከአልጋው አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ስንማር "ካልሲየም ማርከሻው ነው" ተባልን፤ አጠናነው፤ አለፍን። ለምን ጉልበት እንደሚታይ፣ ለምን ካልሲየም እንደሆነ ግን ማንም አላብራራልኝም። ላብ_ጀርመን፣ ካትዝ ያደረገውን ነው እኛም እያየን ያለነው?

---

ላብ_ጀርመን፦

@አዋላጅ_ጎንደር ሲስተር፣ አዎ፣ በትክክል እሱኑ ነው። ማግኒዥየም ሲበዛ በነርቭ ጫፉ የካልሲየም ቻናል ላይ ከካልሲየም ጋር ይሻማል። የሚገባው ካልሲየም ያንሳል፤ መምህር የጻፉትን አራተኛ ኃይል አስቢው፤ የሚለቀቀው አሴቲልኮሊን በጣም ይወርዳል። ጡንቻው ትእዛዝ አይደርሰውም፤ ጉልበቱ አይዘልም። መጠኑ ይበልጥ ከጨመረ የሚቀጥለው የመተንፈሻ ጡንቻ ነው። ስለዚህ መዶሻዋ ከትንፋሹ ቀድማ ታስጠነቅቅሻለች። ካልሲየም ስትሰጪ ሽሚያውን ወደ ኋላ ትመልሽዋለሽ።

አንድ ነገር እንለይ። ጉልበት ላይ የምታዪው ከነርቭ ወደ ጡንቻ ያለውን መገናኛ ነው። መጣሉን የሚከላከለው ግን ይኸው መንገድ ብቻ አይደለም። ማግኒዥየም አንጎል ውስጥ የግሉታሜት ተቀባይንም ይዘጋል፤ የደም ሥሮችንም ያላላል። ለማንኛውም ውጤቱ አያጠያይቅም። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ እናቶች የተሳተፉበት፣ ማግፓይ የተባለው ጥናት በ2002 ሲወጣ ኤክላምፕሲያን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳየ።

አንቺ ስላለሽ መንጋጋ ቆልፍንም (ቴታነስን) ላንሳ። ቬሲክሉን ከሽፋኑ ጋር የሚያዋህዱት ሦስት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ሲናፕቶብሬቪን፣ ሲንታክሲን እና ስናፕ-25። እርስ በርስ እየተጠመጠሙ ቬሲክሉን ወደ ሽፋኑ ይጎትቱታል። ካልሲየም መግባቱን የሚያውቀው ሲናፕቶታግሚን ነው። ሮዝማን፣ ሼክማንና ሱድሆፍ በ2013 ኖቤል ያገኙት በዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው። የቴታነስ መርዝ ሲናፕቶብሬቪንን ይቆርጣል። የቦቱሊዝም ቢ የተባለው መርዝም እዚያው ቦታ ላይ ይቆርጠዋል። አንዱ ግን ሰውነትን ይገትራል፣ ሌላው ሽባ ያደርጋል። ልዩነቱ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ቦቱሊዝም እዚያው ጡንቻው ጋ ባለው ጫፍ ይቀራል፤ ጡንቻው ትእዛዝ ያጣል። ቴታነስ ግን በነርቩ ውስጥ ወደ ላይ ተጉዞ አከርካሪ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚይዘው ዝም በል የሚሉትን፣ ጋባና ግላይሲን የሚለቁትን ነርቮች ነው። እነሱ ሲታፈኑ ጡንቻን የሚያላላ ትእዛዝ ይጠፋል።

---

አዋላጅ_ጎንደር፦

እትብቱ ባልጸዳ ምላጭ የተቆረጠ ሕፃን መጥቶ አይቻለሁ። ሲነኩት፣ በር ሲዘጋ፣ መብራት ሲበራ ይገተራል። ክፍሉን የምናጨልመው፣ ድምፅ የምንቀንሰው ለዚህ ነው። አሁን ምክንያቱ በደንብ ገባኝ። እናቶች ሆይ፣ የቴታነስ ክትባታችሁን አትዝለሉ፤ ለልጁም የሚተላለፍ መከላከያ ነው።

---

አቦ_ድሬ፦

አቦ፣ ቡና ቡና ብላችሁ ጨረሳችሁት፣ እስቲ ስለ ጫትም አውሩ። እኔ ከሰኞ እስከ ሰኞ በርጫ ላይ ነኝ። ምርቃናው ሲወጣ ዓለም ይጠበኛል፤ እቅድ በእቅድ እሆናለሁ። ሲወርድ ደግሞ ድብርቱ አይጣል። ቡና እንዲህ አያደርገኝም። እሱም ፍሬን መልቀቅ ነው?

---

ላብ_ጀርመን፦

@አቦ_ድሬ በግልጽ ስለጠየቅክ አመሰግናለሁ። መልሱ አይደለም ነው። ጫት የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ልዩነቱን በደንብ ማወቅ አለብህ።

ለጋ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ካቲኖን ይባላል። በ1975 ነው በተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ ላቦራቶሪ ተለይቶ የታወቀው። አሠራሩ የአምፌታሚን ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ካቲን ወደሚባል በጣም ደካማ ነገር ይቀየራል። ከአወዳይ የሚነሱት መኪኖች እንደዚያ የሚበሩት፣ እስሩም በእርጥብ ቅጠል የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። ይህን አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ጫፉ እንግባ። ዶፓሚን የሚለቅ ነርቭ ራሱን የሚቆጣጠርበት ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ የራሱ ጫፍ ላይ ዲ2 የሚባል ተቀባይ አለው። የለቀቀው ዶፓሚን ተመልሶ ይህን ተቀባይ ሲነካው "በቃ፣ ቀንስ" ይለዋል። ሁለተኛ፣ የተረፈውን ዶፓሚን ወደ ውስጥ የሚመልስ ፓምፕ አለው።

ካቲኖን በዚያ ፓምፕ ይገባና ፓምፑን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ወደ ውስጥ ይመልስ የነበረው አሁን ወደ ውጭ ይረጫል። ምት መድረሱ ግድ አይደለም፤ ካልሲየም አያስፈልግም፤ ቬሲክሉም ከሽፋኑ ጋር መዋሃድ የለበትም። መምህር የዘረዘሩት ያ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ከ10 አንዴ ወይም ሁለቴ መልቀቁ፣ አራተኛ ኃይሉ፣ ሁሉም ይታለፋል። ዲ2 "በቃ" ቢልም የሚሰማው ቬሲክሉ ነው እንጂ የተገላበጠው ፓምፕ አይደለም።

ካፌይን ያለውን ሥርዓት ትንሽ ይገፋዋል። ካቲኖን ሥርዓቱን ይዘለዋል። ስለዚህ ሲወርድ የሚሰማህ አይመሳሰልም። ጫፉ ያጠራቀመው ዶፓሚን ቀንሶ፣ ተቀባዮቹም ደንዝዘው ነው የምትቀረው። ድብርቱ ያንተ ድክመት እንዳይመስልህ፤ ኬሚስትሪ ነው።

---

ፋርማሲ_ጅማ፦

@አቦ_ድሬ እኔም አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ እንደ ወንድም። ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ ብለህ መጠጥ የምትጨምርበት ከሆነ፣ አልኮል የጋባን ሥራ ያጠናክራል። የተገፋውን አንጎል በሌላ ኬሚካል ትጫነዋለህ ማለት ነው። በማግስቱ ሁለቱንም ነው የምትከፍለው። ደግሞ ካቲኖን ኖርአድሬናሊንንም ስለሚያስለቅቅ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ግፊት ካለብህ ለሐኪምህ ደብቀህ አትቅር። ለማቆም ስታስብ ዱካክና እንቅልፍ ማጣት ሊመጡብህ ይችላሉ፤ ይቀላሉ፤ ግን ብቻህን አትታገላቸው።

---

አቦ_ድሬ፦

ገባኝ አቦ። ፓምፑ የሚለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ለልጆቹም አሳየኋቸው፤ ቁጭ ብለው አነበቡት።

---

ላብ_ጀርመን፦

መምህር፣ አንድ ነገር ካልጨመርኩ ሥዕሉ ይጎድላል። ኤ1 ጫፍ ላይ ልቀትን እንደሚቀንስ እርግጥ ነው። ንቃቱን በተመለከተ ግን ትልቁን ድርሻ የያዘው ሌላው የአዴኖሲን ተቀባይ፣ ኤ2ኤ ነው። በ2005 የታተመ ሥራ አለ። ኤ2ኤ የሌላቸው አይጦች ካፌይን ሲሰጣቸው አልነቁም፤ ኤ1 የሌላቸው ግን እንደ ወትሮው ነቁ። ኤ2ኤ በብዛት የሚገኘው ስትሪያተም በሚባለው፣ ዶፓሚን በሚበዛበት የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው። እዚያ ደግሞ የሚሠራው በአብዛኛው መልእክቱን በሚቀበለው ህዋስ ላይ ነው፤ የዲ2ን ሥራ ይቃወማል። ስለዚህ ካፌይን ፍሬን ይለቃል የሚለው ይቆማል፤ ፍሬኑ ግን ከአንድ ቦታ በላይ ነው።

---

መምህር_ደሴ፦

@ላብ_ጀርመን ይህ በጣም ጥሩ ጭማሪ ነው። ለተማሪዎቼም ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ። ኤ1ን ያስቀደምኩት የጫፉን ሒሳብ ለማሳየት ስለሚመች ነው። ደግሞ ይህ ዘዴ የአዴኖሲን ብቻ አለመሆኑን ልብ በሉ። ሞርፊን አከርካሪ ውስጥ የሕመም ነርቮችን ጫፍ የሚያዘገየው በዚሁ መንገድ ነው፤ የካልሲየም ቻናሉን በመያዝ። በ2001 ደግሞ መልእክቱን የሚቀበለው ህዋስ ራሱ ወደ ኋላ ኬሚካል ልኮ የላኪውን ጫፍ "ቀንስ" እንደሚለው ታወቀ። ሰውነታችን ውስጥ የሚሠራው፣ ካናቢስ የሚነካውን ተቀባይ የሚጠቀም ኬሚካል ነው። ሰሚው ተናጋሪውን ይቆጣጠራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ይህኛውን ነው የምወደው።

---

የወንድሜ_እህት፦

ሁሉንም አነበብኩት። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ሌቬቲራሴታም ጀምረውለታል። መጣሉ ቀንሶለታል፣ ተመስገን። ግን በጣም ይነጫነጫል። ይሄ መድኃኒትም የነርቭ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው?

---

ነርስ_ሲያትል፦

@የወንድሜ_እህት አዎ እህቴ፣ እሱም ጫፉ ላይ ነው። እኔ የምሠራው የሚጥል በሽታ ሕሙማን ጋ ስለሆነ ይህን መድኃኒት በየቀኑ እሰጣለሁ።

ሌቬቲራሴታም ቬሲክሉ ላይ ካለ ኤስቪ2ኤ ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዛል። የሚገርመው መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1999 ነው፤ የሚያያዝበት ፕሮቲን የታወቀው ግን በ2004። በአይጥ አንጎል ላይ እንደታየው፣ ጫፉ በዝግታ ሲሠራ ብዙም አይነካውም። ምቱ ሲበዛና ሲፈጥን ነው የሚለቀቀውን የሚቀንሰው። መጣል ማለት ደግሞ ነርቮች አብረው በፍጥነት መተኮሳቸው ነው። ስለዚህ አንጎሉን በሙሉ ሳያደነዝዝ ችግሩ ያለበትን ሰዓት ይይዛል።

መነጫነጩ የታወቀ ጎንዮሽ ጉዳቱ ነው። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ለሐኪሙ ንገሪው፤ መጠን ማስተካከል ወይም መቀየር ይቻላል። ግን አደራ፣ በራሳችሁ አታቁሙት። በድንገት ከቆመ ከበፊቱ የከፋ መጣል ሊመጣ ይችላል።

---

የወንድሜ_እህት፦

ቤት ውስጥ ሁላችንም እንቆጣው ነበር። ዛሬ ለእናቴ አነበብኩላት። ቀጠሮው ሐሙስ ነው፤ እነግራቸዋለሁ።

---

ጠይም_ጀበና፦

ፋርማሲ_ጅማ፣ አንድ የመጨረሻ። እህቴ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲፕሮ ታዞላት እየወሰደች ነው። ቡና ስትጠጣ ልቧ ይመታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን አትተኛም። ስኒው ያው የድሮው ነው። ምንድነው?

---

ፋርማሲ_ጅማ፦

@ጠይም_ጀበና ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን) ካፌይንን የሚሰብረውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል። ካፌይኑ ቶሎ አይወጣም፤ የጠዋቱ ላይ የቀኑ ይደረባል። ስኒው ያው ቢሆንም ደሟ ውስጥ ያለው መጠን ያው አይደለም። መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ትጨርስ፤ ቡናውን እስክትጨርስ ትተው ወይም በጣም ትቀንስ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድም ከሆነ እሱም ካፌይንን ያዘገያል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ይብሳል። እርጉዝ ከሆነች ግን ሲፕሮውን ላዘዘላት ሐኪም ዛሬውኑ ትንገር። በእርግዝና መጨረሻ ወራት የካፌይኑ ግማሽ ለመውጣት እስከ 15 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊግራም በላይ ለሚጠጡ እርጉዞች መቀነስን ይመክራል። የልቧ ምት ቡናውን ከተወች በኋላም ካልተስተካከለ ጤና ጣቢያ ትሂድ።